ተመልካች ከኳስ ሜዳ ምን ይጠብቃል?

በአንድ የቋንቋ ክፍል እጩ መምህር



ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቋንቋ ክፍልና በሒሳብ ክፍል እጩ መምህራን መካከል የተደረገውን የእግር ኳስ ግጥሚያ አብዛኞቻችሁ ተመልክታችኋል፤ ያላያችሁትም ሰምታችኋል። ውጤቱ 3 ለ 1 ሲሆን የተሸነፍነው እኛ የቋንቋዎቹ ነን። «የተሸነፍነው እኛ» ያልሁትን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግጥሚያውን መዘገብ አይደለም፤ ያንን የስፖርት ዓምዳችን አዘጋጅ በሚገባ ሠርቶታል። ዓላማው በሜዳው ውስጥ ስለ ነበሩት ሃያ ሁለት ልጆች ሳይሆን በሜዳው ዙሪያ ቆመን ስንጮህ ስለ ነበርነው ሰዎች መነጋገር ነው። ተመልካች ኳስ ሜዳ ሲመጣ ምን ይጠብቃል? የጠበቀውን ያጣ እንደሆነስ ለምን ሌላ ሰው ይሆናል?

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጎል ማንም በረኛ የማይመልሰው ነበር። ሁለተኛው ግን ቀላል ኳስ ነበረች፤ በረኛችን እጅ ገብታ፣ ከእጁ ሾልካ፣ በእግሮቹ መካከል አልፋ ገባች። ያን ጊዜ ከጎሉ ጀርባ ከቆምነው ከኛው ደጋፊዎች መካከል አንዱ «ወንፊት!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደ ጀመረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሁላችንም በጭብጨባ እያጀብን «ወንፊት! ወንፊት!» እንል ጀመር። እኔም ጮኼአለሁ። ይህን ካልጻፍሁ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም። ልጁ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው፤ የሱ አልጋ ከላይ፣ የኔ ከታች ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየን። ማንን እንዳየ እንጃ። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ያን ዕለት ማታ እራት አልበላም። ይህስ ያልፋል። ያላለፈው የሰኞው ነው። እንደምታውቁት የማስተማር ልምምድ ላይ ነን፤ እሱም በአቅራቢያችን ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ደርሶታል። ሰኞ ጧት ጫማውን እያሰረ «ልጆቹን ሜዳ አላወጣቸውም፤ ክፍል ውስጥ የኳስ ሕግ አስተምራቸዋለሁ» አለኝ። ለምን? ብለው «ቢስቁብኝስ?» አለኝ። እንዳለውም አደረገ። አርባ ምናምን ልጆች ኳስ ልንጫወት ነው ብለው ቁምጣቸውን ለብሰው መጥተው፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሜዳውን ርዝመትና ስፋት ሲገለብጡ ክፍለ ጊዜው አለቀ። የተቆጣጠሩት መምህርም ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡት። እንግዲህ የኛ የአምስት ደቂቃ ጩኸት እዚያ ድረስ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሳይኮሎጂ መምህራችን የሄድሁት። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ። «ይህ እኮ በኮሌጅ ኳስ ላይ ከጥንት ጀምሮ የተጠና ነገር ነው፤ እናንተ የጀመራችሁት አይደለም» ብለው አንዳንድ ጽሑፎች ሰጡኝ። ያነበብሁትን እነሆ አካፍላችኋለሁ።

በ1951 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉ የሁለት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ኳሱ የኛ ዓይነት አይደለም፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት፣ ትከሻ ለትከሻ የሚላተሙበት ነው። ጨዋታው ሻካራ ሆነ። የፕሪንስተኑ ዝነኛ ተጫዋች አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፤ ከዳርትማውዝም አንድ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ግቢ ጋዜጣ ላይ «የጀመራችሁት እናንተ፣ የጀመራችሁት እናንተ» ሆነ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ሁለት ምሁራን የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳዩና «ያያችሁትን ጥፋት መዝግቡ» አሏቸው። ጥናቱ በ1954 እ.ኤ.አ. ታተመ። ፊልሙ አንድ ፊልም ነው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ግን የዳርትማውዝ ተማሪዎች በዚያው በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ተማሪዎቹ አልዋሹም። ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷቸው፣ ተረጋግተው ተቀምጠው፣ ያዩትን ነው የጻፉት። ምሁራኑ የደረሱበትም ነገር ይኸው ነው፤ ሰዎቹ አንድ ጨዋታ አይተው ሁለት አስተያየት የሰጡ ሳይሆኑ ከመጀመሪያውም ያዩት ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው። ዓይን ባዶውን አያይም፤ ይይዛል ብሎ የጠበቀውን ተሸክሞ ነው የሚያይ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ እኔም በመኝታ ክፍሎቻችን እየዞርሁ ጠየቅሁ። ከእረፍት በፊት አጥቂያችን የቅጣት ክልል ውስጥ የወደቀባትን አጋጣሚ ታስታውሳላችሁ። ዳኛው አልፏታል። የኛ ልጆች ዘንድ ስሄድ «ምን ጥያቄ አለው፣ ንጹሕ ሪጎሬ ነው፤ ጎትቶ ነው የጣለው» ይላሉ። የሒሳቦቹ ዘንድ ስሄድ ደግሞ «ማንም አልነካውም፤ በራሱ እግር ተጠላልፎ ነው የወደቀ» ይላሉ። አንዱ የሒሳብ ልጅ እንዲያውም ሥዕል ስሎ፣ ማዕዘኑን ለክቶ፣ ተከላካዩ ሊደርስበት እንደማይችል አስረዳኝ። እኔ ራሴስ ምን አየሁ? ሪጎሬ ነው ያየሁ። ዛሬም ሳስበው ሪጎሬ ነው። ጥናቱን አንብቤም አልለቀቀኝም።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ የነካኝ የቋንቋ ተማሪ ስለሆንሁ ይመስለኛል። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በሰባት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅዳሜ ጨዋታ ተደርጎ ሰኞ ተማሪው ምን ለብሶ ወደ ክፍል እንደሚመጣ ቆጠሩ። ቡድኑ ያሸነፈ እንደሆነ የትምህርት ቤቱን ስምና ምልክት የያዘ ልብስ የሚለብሰው ይበዛል። የተሸነፈ እንደሆነ ያንሳል። ከዚህም አልፈው ተማሪዎችን በስልክ እየጠየቁ «ጨዋታው እንዴት ሆነ?» ሲሏቸው፣ ስለ ድል የሚናገሩት «አሸነፍን» ማለት ያዘወትራሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲሆን «ተሸነፉ» የሚለው ይበረታል።

በኛ ቋንቋ ይህ ነገር በግሱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጎል ስናገባ «አገባን!» ነው። አንድ ልጅ ነው ያገባው፤ እኛ ሻይ ይዘን ቆመናል፤ ግን «አገባን»። ጎል ሲገባብን በመጀመሪያ «በላን» እንላለን፤ ይህ ጨዋነት አለው፣ እዳውን ለሁሉ ያካፍላል። ነገሩ ሲመር ግን «በረኛው በላ» ይሆናል። ሲብስ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ በላ»። ከ«ን» ወደ «እሱ» የተሻገርንበት ሰዓት ነው ልጁን ብቻውን ጥለነው የሄድንበት ሰዓት። ቅዳሜ ዕለት ይህ ሽግግር ሁለተኛው ጎል በገባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ። እኔ ከላይ «የተሸነፍነው እኛ ነን» ብዬ የጻፍሁት አስቤበት ነው፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን እጄ የጻፈው «የቋንቋ ክፍል ቡድን ተሸነፈ» የሚል ነበር።

ለመሆኑ ተመልካች የሚጠብቀውን ነገር ከየት ያመጣዋል? አንዱ ምንጭ ትዝታ ነው፤ ያውም ራሱ ያላየው ትዝታ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። ያንን ቡድን ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጥኑት ነበር፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 2 ተሸነፈች። በፍጻሜው ደግሞ ግብጽ (ያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) ሁለት ጊዜ ቀድማ አግብታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። አያችሁ፣ «አቻ ሆነን» አልሁ! እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ አባቴም ገና አልተወለደም። ይህ ድል በየቤቱ ሲነገር የሚዘለል ነገር ግን አለ፤ በዚያ ውድድር የተካፈሉት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ አስተናጋጅ ነበርን። ድሉ ድል ነው፣ ማንም አይወስድብንም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለተሰለፈ ብሔራዊ ቡድን ሁሉ መለኪያው ያ ዋንጫ ሆነ። በ1960ም በ1968ም ዓ.ም. ውድድሩን አዘጋጅተን ዋንጫውን አላገኘነውም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካቹ ከሚቀመጥባቸው ቦታዎች አንዱ «ከማን አንሼ» ይባላል፤ ሌሎቹ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ ይባላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የኛ ተመልካች የትም ቢቀመጥ በልቡ ያለው ከማን አንሼ ላይ ነው።

የ2005 ዓ.ም.ን ነገር እንመልከት። ጥቅምት 4 ቀን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ሲሆን፣ ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ቀኑም እንደ አጋጣሚ ጥር 13 ነበር፤ ከዋንጫው 51 ዓመት ሙሉ። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሜዳውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አደረጉት። ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ መለሰበት። ትንሽ ቆይቶ በረኛችን ጀማል ጣሰው ኳስ ለማውጣት ሲዘል የዛምቢያውን ተጫዋች በእግሩ መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ያን ጊዜ ከኛ ደጋፊዎች ወገን ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ዘነበ፤ ጨዋታው ተቋረጠ። ካፍም ኋላ ፌዴሬሽናችንን ቀጣ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደጋፊው ተስፋ ቆርጦ ጠርሙስ የወረወረበት ያ ቡድን፣ በአሥር ሰው፣ ከእረፍት በፊት ጎል ገብቶበት፣ ከእረፍት በኋላ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ላይ። በማግስቱ ደግሞ የሁሉም ሰው ግምት ወደ ሰማይ ወጣ፤ «ቡርኪና ፋሶን እናሸንፋለን፣ ናይጄሪያንም እንይዛለን» ተባለ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። እንግዲህ በአሥር ቀን ውስጥ ተመልካቹ ከደስታ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣ ወደ ተስፋ፣ ከተስፋ ወደ ሐዘን ሲወረወር ተጫዋቾቹ ያው የነበሩት ልጆች ነበሩ። የተለዋወጠው የኛ ሚዛን ነው።

ሌላው የግምት ምንጭ ቴሌቪዥን ነው። ቅዳሜና እሑድ መገናኛ ወርዶ ከታክሲ ተራው አለፍ ብሎ ያሉትን የዲኤስቲቪ ቤቶች ያላወቀ ሰልጣኝ በመካከላችን የለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ ግማሹ አርሴናል፣ ግማሹ ማንቸስተር ዩናይትድ ሆነን፣ ለንደን ያለን በረኛ «ይሄን እንኳ አትይዝም?» እያልን እንሳደባለን። እሱ አይሰማንም፤ ምንም አይደለም። ችግሩ ያንን አፍ ይዘን ወደ ግቢያችን ሜዳ መምጣታችን ነው። እዚህ ያለው በረኛ ይሰማል፤ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው ያለው። የቴሌቪዥኑ በረኛ ለብቻው አሠልጣኝ አለው፤ አንድ ኳስ በስድስት ካሜራ ተመልሳ ተመልሳ ትታየናለች። የኛው በረኛ ጧት ሳይኮሎጂ ተፈትኖ፣ ቀን ምስር ወጥ በልቶ የመጣ ልጅ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ልናገር፤ ቅዳሜ ያደረገው ጓንት የበረኛ ጓንት አይደለም፤ ከአትክልተኛው የተዋሰው የአትክልት ጓንት ነው። ያቺ ሁለተኛዋ ኳስ ለምን እንደ ሾለከች ይህን ያወቅሁት ማታ አልጋው ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው። ስንጮህ ግን ማንም አልጠየቀም። (ስለ ውርርድ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ነገር ግን ገንዘብ ያስያዘ ተመልካች ጨዋታ አይመለከትም፣ ወረቀቱን ነው የሚመለከት።)

ጩኸት በእውነት የሚለውጠው ነገር አለ ወይ? አለ፤ ግን ሁልጊዜ እኛ በምንፈልገው በኩል አይደለም። እንግሊዝ አገር በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 40 ዳኞች የሊቨርፑልና የሌስተር ሲቲን ጨዋታ በቪዲዮ አይተው 47 አጋጣሚዎችን እንዲዳኙ ተደረገ። አንዳንዶቹ ከተመልካቹ ጩኸት ጋር፣ ሌሎቹ ድምፁ ተዘግቶ አዩት። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የነፉት ጥፋት ካልሰሙት በ15.5 በመቶ ያነሰ ሆነ። ዳኛ ሆድ የለውም ማለት አይደለም፤ ሲያመነታ የሺህ ሰው ድምፅ ትንሽ ይገፋዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት የአውሮፓ ሊጎች ያለ ተመልካች ሲካሄዱም የባለሜዳው ጥቅም ቀነሰ፤ እንግዳው ቡድን ላይ ይበዛ የነበረው ቢጫ ካርድም አነሰ። ስለዚህ ደጋፊ «አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ነኝ» ሲል ጨርሶ ውሸቱን አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.ን አስቡ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ሄዶ ከግብጽ ጋር አደረገ። ከማን አንሼ የለ፣ ካታንጋ የለ። 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የወንድሜ አስተያየት «ያሸነፉት እኛ ስላልነበርን ነው» የሚል ነበር። ቀልድ ነው፤ ቢሆንም በቀልዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ተጫዋች ስሕተቱን ወዲያው የሚረሳበት ዝምታ ያስፈልገዋል።

ጩኸቱ ከኳስ ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ በአገራችን ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የወልድያና የመቐለ ከተማ ጨዋታ ሳይካሄድ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በዚያው ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ዳኛ ሜዳ ውስጥ ተደብድቦ ውድድሩ ለጊዜው ቆሞ ነበር። የኛ «ወንፊት» ከዚህ ጋር አይወዳደርም ትሉኝ ይሆናል። አይወዳደርም። ግን ሁለቱም የሚጀምሩት አንድ ሰው ስሙ በማይታወቅበት ሕዝብ መካከል ቆሞ ነው። ለብቻዬ ብሆን «ወንፊት» እለው ነበር? በፍጹም አልለውም። ሁለት መቶ ሰው መካከል ግን የራሴ ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ልጁን የምንወደው ሰዎች መሆናችን ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ምሳሩን የያዘው ግን ጎረቤት ነው።

ይህን ስል ደጋፊ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ቡና ክለብ የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው። ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋንጫውን አብዝቶ የሚያነሳው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ቡናማዎቹ ታዲያ ሜዳውን ጥለው ሄዱ? አልሄዱም፤ በዜማና በከበሮ ነው የሞሉት። (እኔ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ፤ ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም።) የሸገር ደርቢን ያየ ሰው ያውቃል፤ የዚያ ሰው የሚጠብቀው ነገር ድል ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ይቀመጥ ነበር። መዘመር፣ ቀለሙን መልበስ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መቆም፣ ይህም የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ይህንን ደግሞ ዘጠና ደቂቃው አይነፍገውም። እኛ ቅዳሜ አንዲት መዝሙር እንኳ አልነበረንም። የተዘጋጀነው ለጎል ብቻ ነበር፤ ጎል ሲጠፋ በአፋችን ላይ የቀረው ስድብ ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅም በረኛ ነው። ጠመኔ ይዞ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ስሕተቱ ለሁሉ ይታያል። አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል፤ ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። መምህሩስ ምን ይጠብቃል? ሮዘንታልና ጃኮብሰን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለመምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይፈነዳሉ» ብለው የጥቂት ተማሪዎችን ስም ሰጧቸው። ስሞቹ በዕጣ የወጡ ነበሩ፤ ግን ከልጆቹ በተለይ በታችኛዎቹ ክፍሎች ያሉት በፈተና ከሌሎቹ ይበልጥ አሻሻሉ። በዚህ ጥናት ላይ ብዙ ክርክር ተነስቷል፤ ውጤቱ የተባለውን ያህል አይደለም የሚሉ አሉ፤ መምህራችንም ይህን እንድጽፍ አስጠንቅቀውኛል። ቢሆንም መምህር ከልጅ የሚጠብቀው ነገር በፊቱ ላይ ይነበባል፤ ልጅ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ፊት ያነባል።

ረቡዕ ዕለት ነጻ ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ አስፈቅጄ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ሜዳ እንዲወጣ ለመንሁት፤ «አንተ ከኔ ጋር ከሆንህ» ብሎ ወጣ። ልጆቹን ለሁለት ከፈልናቸው። የማይጫወቱት ልጆች የሚሠሩት ሥራ እንዲኖራቸው ብዬ፣ ከፕሪንስተኖቹ የተማርሁትን ገልብጬ፣ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ቡድን ጥፋት ብቻ በጠጠር እንዲቆጥር አደረግሁ። ልፎክር አልችልም፤ ግማሾቹ ጠጠሩን ተወራወሩበት። ከቀሩት መካከል ግን አንዲት ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ የኛዎቹ ሰባት ጊዜ ጠለፉ፤ ዳኛው ሦስቱን ብቻ ነው ያየው» ብላ ከሰሰች። የራሷን ቡድን! ልስማት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ አንዱ ትንሽ በረኛ ኳስ አመለጠው። ሳቅ ተነሳ። ጓደኛዬ ፊሽካውን ነፋና ጨዋታውን አቆመ። እኔ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። የሳቁትን አንድ በአንድ እየጠራ ሦስት ሦስት ኳስ እንዲይዙ ጎል ውስጥ አቆማቸው። ሁለቱ ያዙ፤ ብዙዎቹ አልያዙም፤ አንዱ ደግሞ አልቅሶ ወጣ። የተቆጣጠሩት መምህር ኋላ «ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያለቀሰው ልጅ የቤት ሥራ ሆኖብሃል፤ ሰዓቱም ባክኗል» አሉት። እውነታቸውን ነው። እሱም ትናንት ሄዶ ያንን ልጅ አነጋግሮታል፤ ምን እንዳለው አልነገረኝም። ነጥቡ ግን ከሰኞው ተሻለ።

በመንገድ ላይ ስንመለስ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ አልተናገረም። «አንተ ጎል ውስጥ ቆመህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። «እዚያ ሆነህ የሚሰማው ጩኸት ከውጪ እንደሚሰማው አይደለም፤ ከኋላ ነው የሚመጣ፤ ዞረህ እንዳታይ ኳሷ አለች» አለኝ።

የመልሱ ግጥሚያ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በዚያው ሜዳ ይደረጋል። የክፍላችን የተሰላፊዎች ዝርዝር ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ ተለጥፏል፤ በረኛ በሚለው መስመር ላይ የሱ ስም ተሰርዞ ነበር፤ የሰረዘው ራሱ ነው። ቡድን መሪያችንን ጠይቄ ትናንት ማታ የኔን ስም ጽፌበታለሁ። በረኛ ሆኜ አላውቅም። እሱ ከጎሉ ጀርባ እቆማለሁ ብሎኛል። የበረኛ ጓንት ያለው ሰው ቢያውሰን በቋንቋ ክፍል መኝታ ቤት፣ በር አጠገብ ባለው ተደራራቢ አልጋ የታችኛው ላይ ያገኘኛል።